አንድ ታንክ፣ ሦስት ማህደር

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳለን ለክፍል ሥራ ወደ አንድ ፋብሪካ ተልከን ነበር፡፡ የፋብሪካው ስም ይቆየን፤ ለዛሬው ጨዋታችን አያስፈልገንም፡፡ ያስጎበኙን ሰው መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ጥራት ክፍል ነው፡፡ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ ቢሮ፣ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተሸፈነ ሰርተፍኬት፣ መደርደሪያው ላይ በቁጥር የተደረደሩ ሰማያዊ ማህደሮች፡፡ ቀጥለን “የሙያ ደህንነትና ጤንነት” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር ገባን፡፡ ከንብረት ክፍል ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ማህደሮቹም ቀያይ ናቸው፡፡ “የአካባቢ ጥበቃውስ የት ነው?” ስንል አንድ መሳቢያ ተከፈተልን፡፡ ውስጡ አንድ አረንጓዴ ማህደር ነበረ፡፡

ጉብኝቱን ጨርሰን ስንወጣ ከግቢው ጀርባ ካለው ቦይ የሚመጣ ሽታ ዓይናችንን አቃጠለን፡፡ ምን እንደሆነ ጠየቅን፡፡ የጥራት ኃላፊው “እሱ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው” አሉ፡፡ የአካባቢ ጥበቃዋ ባለሙያ “የጥገና ክፍል ነው” አለችን፡፡ የደህንነቱ ሰው ደግሞ ለሠራተኞቹ ጭምብል መታደሉን ሊያሳየን ቀዩን ማህደር ገለጠ፡፡ ሦስቱም አልዋሹንም፡፡ ሽታው ግን ባለቤት አልነበረውም፡፡

እኛስ? እኛ ስለ ፋብሪካው የጥራት ጉዞ አምስት ገጽ ጽፈን አስረከብን፡፡ ስለ ሽታው አንድ መስመር እንኳ የለበትም፡፡ (ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል፡፡) ያ ቦይ ተመልሶ ትዝ ያለን ከዓመታት በኋላ ስለ ቦፓል ማንበብ ስንጀምር ነው፡፡

ቦፓል የሕንዷ የማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት፡፡ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984፣ በእኛ ኅዳር 23 ለ24 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፡፡ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ “በእኛ” ካላልን በቀር፣ የአውሮፓውያኑ ናቸው፡፡) ኅዳር ጽዮን ካለፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ፡፡ እኛ አገር ያን ጊዜ ረሃብ ገብቶ የዓለም ካሜራ ሁሉ ኮረም ላይ ተተክሎ ነበር፡፡ ይህን የምንጽፈው ሰዎች አንዳችንም አልተወለድንም፡፡

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ “ዩኒየን ካርባይድ” ከተባለው ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሜታይል አይሶሳያኔት የሚባል መርዝ በጋዝ መልክ አመለጠ፡፡ ይህ ኬሚካል (ባጭሩ ኤምአይሲ ይሉታል) “ሴቪን” ለተባለው ፀረ-ተባይ መሥሪያ ነው፡፡ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አልበተነም፡፡ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከአጥሩ ማዶ ወዳሉት የድሆች መንደሮችና ወደ ባቡር ጣቢያው ገባ፡፡ ሰው ከእንቅልፉ የነቃው እየሳለና ዓይኑ እየተቃጠለ ነው፡፡ ብዙዎች ሮጡ፤ የሮጡት ደግሞ የበለጠ ተነፈሱት፡፡ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በኋላ ያረጋገጠው የሟች ቁጥር 3,787 ነው፤ የተጎጂዎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው ይላሉ፡፡ በ2006 መንግሥት ለፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ የተጎዱት 558,125 ሰዎች መሆናቸውን አምኗል፡፡

የሚገርመው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ የነበሩት የሌሊት ተረኞች በአብዛኛው ተርፈዋል፡፡ የነፋሱን አቅጣጫ ስለሚያውቁ በተቃራኒው ሮጡ፡፡ ከአጥሩ ውጪ ያለው ሰው ግን ይህን የነገረው አልነበረም፡፡

ብዙ ጊዜ የቦፓል ታሪክ እንደ “ደህንነት” ታሪክ ይነገራል፡፡ አንዳንዱ እንደ “አካባቢ ብክለት” ይናገረዋል፡፡ እኛ ደግሞ ደጋግመን ስናነበው የገባን ሌላ ነገር ነው፡፡ ጋዙ የወጣበት ታንክ ቁጥሩ 610 ነው፡፡ እስቲ ይህን ታንክ በሦስቱ ማህደሮች ዓይን እንየው፡፡

ከሰማያዊው እንጀምር፡፡ ታንኩ ውስጥ የነበረው ኤምአይሲ እንደ ምርት ሲመዘን ጉድለት ያለበት ነበር፡፡ በምርት ሂደት የሚቀላቀለው ክሎሮፎርም ከተፈቀደው መጠን በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል፤ ይህን ከአደጋው በኋላ የመረመረው የኩባንያው የራሱ ቡድን በ1985 ሪፖርቱ ጽፎታል፡፡ ጥራት ክፍል ይህን ቢያይ ምን ይላል? “ከመመዘኛ ውጪ የሆነ ምርት፤ በኋላ ይስተካከል፡፡” ለሰማያዊው ማህደር ጉዳዩ ሴቪኑ ንጹሕ ሆኖ ለገበሬው መድረሱ ነው፡፡ ሆኖም ያ ክሎሮፎርም በሙቀት ጊዜ የታንኩን ብረት የሚበላ ሆነ፤ ከብረቱ የተፈቀፈቀው ደግሞ ውስጥ የጀመረውን የኬሚካል ግብግብ አፋጠነው፡፡ የጥራት ጉድለት የተባለው ነገር በዚያች ሌሊት እሳቱን የሚያራግብ ወናፍ ሆነ ማለት ነው፡፡

ቀዩ ማህደር በጣም ወፍራም ነው፡፡ ኤምአይሲ በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ በቅዝቃዜ፣ ወደ 0 ዲግሪ ተጠግቶ መቀመጥ ነበረበት፡፡ የማቀዝቀዣው መሣሪያ ግን በጁን 1984 ተዘግቶ ነበር፡፡ ያመለጠን ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ የሚያመክነው ማማ በተጠንቀቅ አልነበረም፡፡ ያመለጠውን የሚያቃጥለው ሌላው ማማ የዛገ ቧንቧው ወልቆ ምትክ ይጠብቅ ነበር፡፡ ውኃ የሚረጩት ቱቦዎች ደግሞ ጋዙ ከሚወጣበት ከፍታ አይደርሱም፡፡ በኤምአይሲው ክፍል በአንድ ፈረቃ ይሠሩ የነበሩት 12 ሠራተኞች ወደ 6 ወርደው ነበር፡፡ ለምን ቢባል ሴቪን ገበያ አጥቷል፤ ፋብሪካው ይከስራል፤ ወጪ ይቀነስ ተብሏል፡፡ ኤምአይሲ ማምረቱ ራሱ ከኦክቶበር ወዲህ ቆሟል፡፡ የቆመ ፋብሪካ ደግሞ ማን ይፈራዋል?

አረንጓዴው ማህደር ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ የፋብሪካው ቆሻሻ ውኃ በፀሐይ እንዲተን ተብለው በተቆፈሩ ኩሬዎች ይጠራቀም ነበር፤ ከነሱና በግቢው ከተቀበረው ዝቃጭ የወጣው መርዝ የከርሰ ምድሩን ውኃ እንደበከለው ኋላ ታወቀ፡፡ ጋዝ ቢያመልጥ ጎረቤቱ ምን ያድርግ የሚል ነገር ለሕዝቡ አልተነገረም፡፡ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ማድረግ ብቻ ስንቱን ባተረፈ! የአደጋ ሳይረን እንኳ ሁለት ነበር፤ አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ለሕዝቡ፡፡ የሕዝቡ ሳይረን ለአፍታ ጮኾ ጠፋ፡፡ እንደገና የጮኸው ብዙ ሰው ከተመረዘ በኋላ ነው፡፡ ሕዝቡን በትንሽ በትልቁ ማስደንገጥ አይገባም በሚል ሁለቱ ሳይረኖች እንዲለያዩ ተደርገው ነበር፡፡ ከአጥር ወዲህ ሌላ ሳይረን፣ ከአጥር ወዲያ ሌላ ሳይረን፡፡

ውኃው እንዴት ወደ ታንኩ ገባ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፡፡ ኩባንያው አንድ ቂመኛ ሠራተኛ ሆን ብሎ ጨምሮት ነው ይላል፤ የሕንድ መርማሪዎችና ሠራተኞች በበኩላቸው ቧንቧ ሲታጠብ ሾልኮ ነው ይላሉ፡፡ እኛ ለዚህ ክርክር ዳኛ መሆን አንችልም፡፡ ማንም ያስገባው ማን፣ ማቀዝቀዣው ተዘግቶ ነበር፤ የማቃጠያው ቧንቧም ወልቆ ነበር፡፡

አሁን ወደ አንድ የሙያ ባልደረባችን እንምጣ፡፡ (ባልደረባ ማለታችን ድፍረት ከሆነ ይቅርታ፡፡) ራጅኩማር ኬስዋኒ ይባላል፡፡ በቦፓል “ራፓት” የምትባል አነስተኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሂንዲ ቋንቋ ያሳትም ነበር፡፡ በፋብሪካው የሚሠሩ ጓደኞች ነበሩት፡፡ በ1981 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ከነሱ አንዱ ፎስጂን በሚባል ጋዝ ተመርዞ ሞተ፡፡ ፎስጂን ኤምአይሲን ለመሥራት የሚገባ ጥሬ ዕቃ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር መግደያ ነበር፡፡ በማህደር ዓይን ሲታይ የጓደኛው ሞት ያው አንድ የሥራ ላይ አደጋ ነው፡፡ ቀዩ ላይ ተመዝግቦ ይዘጋል፡፡

ኬስዋኒ ግን እንደ ቀላል አላለፈውም፡፡ አንድን ሠራተኛ በግቢ ውስጥ የገደለ ነገር አጥር ይዞ ያስቀረዋል ወይ? ብሎ ጠየቀ፡፡ የኬሚስትሪ ትምህርት አልነበረውም፡፡ ወራት ወስዶ መጻሕፍት አገላበጠ፣ የፋብሪካውን የውስጥ ሰነዶች አፈላልጎ አነበበ፣ ሠራተኞችን አነጋገረ፡፡ ጋዞቹ ከአየር እንደሚከብዱ አወቀ፡፡ በሜይ 1982 ከአሜሪካው ዋና ኩባንያ የመጡ መሐንዲሶች ፋብሪካውን ፈትሸው፣ መርዝ ሊያመልጥባቸው የሚችሉ ድክመቶችን ጽፈው ሄደው ነበር፡፡ እሱም ከሴፕቴምበር 1982 ጀምሮ በተከታታይ በጋዜጣው ጻፈ፤ ከተማዋን አድኗት ብሎ ለመነ፡፡ በኦክቶበር ሌላ የጋዝ ማምለጥ ደረሰ፡፡ ለክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር ለአርጁን ሲንግ ደብዳቤ ጻፈ፡፡ በዚያው ዓመት መጨረሻ የክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ ሚኒስትር በምክር ቤቱ ቆመው ፋብሪካው ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መሆኑን፣ ከቦታው አንስተው እንደሚወረውሩት ትንሽ ድንጋይ አለመሆኑንና ለቦፓል አደጋ እንደሌለው ተናገሩ፡፡ ኬስዋኒ በጁን 1984 “ጃንሳታ” በተባለው ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ እንደገና ጻፈ፡፡ ያው ጁን፣ ማቀዝቀዣው የተዘጋበት ወር ነው፡፡

እንግዲህ የኛ ነገር እዚህ ላይ ነው፡፡ በ1982 ቦፓል ውስጥ ሰማያዊውን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ማህደር አንድ ላይ አድርጎ ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር የአንዲት ትንሽ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው፡፡ መሐንዲሶቹ ከሱ የበለጠ ኬሚስትሪ ያውቃሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ማህደር ነው፡፡ ዛሬ “የተቀናጀ የሥራ አመራር ሥርዓት” እየተባለ በየአዳራሹ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር፣ ሲፈታ፣ የኬስዋኒን ጥያቄ የመሥሪያ ቤቱ የዘወትር ጥያቄ ለማድረግ የሚደረግ ሙከራ ነው፡፡

ለመሆኑ ማህደሮቹን ማን ለያያቸው? ታሪካቸውን ስናይ መጀመሪያውኑ አብረው አልተወለዱም፡፡

ታላቁ ቀዩ ነው፡፡ እንግሊዝ በ1833 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ አራት ተቆጣጣሪዎች ሾመች፤ ዋና ጉዳያቸው የሕፃናት ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ነበር፡፡ በኒውዮርክ ማርች 25 ቀን 1911 በ“ትራያንግል” የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ሲሆኑ በሩ ተቆልፎባቸው ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ የመጣው የደህንነት ሕግ ሁሉ የሠራተኛ ማኅበርና የመንግሥት ልጅ ነው፡፡ ሰማያዊው ማህደር አባቱ ገዢ ነው፤ በተለይም ወታደር፡፡ የማይፈነዳ ጥይት ወይም ያለጊዜው የሚፈነዳ ቦምብ የሚረከብ ጦር ጥራትን ጠየቀ፡፡ አሜሪካ በ1959 ለጦር መሣሪያ አቅራቢዎቿ የጥራት መመሪያ አወጣች፤ እንግሊዝ በ1979 ቢኤስ 5750ን፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ በ1987 አይኤስኦ 9001ን አስከተሉ፡፡ አረንጓዴው የመጨረሻው ልጅ ነው፡፡ ጎረቤት ገንዘብ አይከፍልም፣ ደመወዝ አይበላም፤ ስለዚህ ማንም አልሰማውም፡፡ በ1972 የስቶክሆልም ጉባዔ፣ በ1976 በጣሊያን ሴቬሶ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የወጣው ዳዮክሲን፣ ከዚያም ቦፓል ነው ያስጮኹት፡፡ አይኤስኦ 14001 የወጣው በ1996 ነው፡፡

ደንበኛው፣ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፡፡ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ በሦስት የተለያዩ ቢሮዎች ተመለሰ፡፡ ደንበኛው ገንዘብ ስለያዘ የሱ ቢሮ ምንጣፍ ተነጠፈለት፡፡

በ1990ዎቹ ኩባንያዎች ይህ ነገር ሰለቻቸው፡፡ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነሣሣቸው የቦፓል ሙታን አይደሉም፤ የወረቀት ብዛት ነው፡፡ ለጥራት አንድ ኦዲተር ይመጣል፣ ለአካባቢ ሌላ ይመጣል፣ ያንኑ የሥልጠና መዝገብ ሁለቴ ያገላብጣሉ፡፡ ይቀናጅልን አሉ፡፡ ችግሩ ቀዩ ማህደር ጋ ደረሰ፡፡ አይኤስኦ በ1996 ጄኔቫ ላይ ስብሰባ ጠርቶ የደህንነት ስታንዳርድ ላውጣ ወይስ አላውጣ ብሎ ቢጠይቅ ተቃውሞው በረታና ተወው፡፡ የሠራተኛው ወገን ስጋት ቀላል አልነበረም፡፡ የሠራተኛ ሕይወት በመንግሥት፣ በአሠሪና በሠራተኛ ማኅበር ሦስትዮሽ ድርድር የሚወሰን ነገር ነው፤ እንዴት ኩባንያው ራሱ ከፍሎ በሚያመጣው ሰርተፍኬት ሰጪ እጅ ይገባል? የዓለም የሥራ ድርጅት በ2001 የራሱን መመሪያ አወጣ፡፡ በመሐል ግን የእንግሊዝ የደረጃዎች ተቋምና ሌሎች ተሰባስበው በ1999 ኦሳስ 18001 የሚባለውን አውጥተው ገበያውን ይዘውት ነበር፡፡

እኛ ሁለቱንም ወገን እንረዳለን፤ ያንኛውን ትንሽ የበለጠ፡፡ ምክንያቱም “ማቀናጀት” ሲባል አንዳንዴ ታናሹን በታላቁ ኪስ መክተት ማለት ይሆናል፡፡ የጥራት ኃላፊው “የጥራት፣ የደህንነትና የአካባቢ ኃላፊ” የሚል ረጅም ማዕረግ ተሰጥቶት፣ የደህንነቱ ሰው ከሥራ ይሰናበትና ተቀናጀ ይባላል፡፡ ይህ ደግሞ በቦፓል የተደረገው የሠራተኛ ቅነሳ በሌላ ስም ነው፡፡

የሆነ ሆኖ ነገሩ ወደፊት ሄደ፡፡ በ2006 እንግሊዞች ሦስቱን ባንድ የሚያስተሳስር ፓስ 99 የተባለ ሰነድ አወጡ፡፡ በ2012 አይኤስኦ ከዚያ ወዲያ የሚወጡ የሥራ አመራር ስታንዳርዶች ሁሉ አንድ ዓይነት የምዕራፍ አደረጃጀት እንዲይዙ ወሰነ፤ አሥር ምዕራፍ፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በተመሳሳይ ቃላት፡፡ የ2015ቱ 9001 እና 14001 በዚሁ ቅርጽ ወጡ፡፡ በማርች 2018 ደግሞ አይኤስኦ 45001 ወጥቶ ቀዩም ማህደር ቤተሰቡን ተቀላቀለ፤ ኦሳስ 18001 በ2021 ተሰናበተ፡፡ በ45001 ውስጥ ሠራተኛውን ማማከርና ማሳተፍ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል፡፡ የ1996ቱ ተቃዋሚዎች ከንቱ አልጮኹም ማለት ነው፡፡

ይህ ሁሉ ቁጥር ምን ይፈይዳል ለሚል አንባቢ ወደ ጁን 1984 እንመልሰው፡፡ አንድ ሰው “ማቀዝቀዣውን እንዝጋው፤ ወጪ ነው” ይላል፡፡ ማህደሮቹ ተለያይተው ሲቀመጡ ጥያቄው ለሒሳብና ለጥገና ብቻ ይቀርብና ያልፋል፡፡ ሥርዓቱ በእውነት የተቀናጀ ቢሆን ግን ያ ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል፡፡ ቅዝቃዜው ሲጠፋ ታንኩ ውስጥ ያለው፣ ንጽሕናው የተጓደለው ነገር ምን ይሆናል? ፈረቃው ላይ ያሉት ስድስት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ከአጥሩ ማዶ የተኙትስ? ሦስቱን ለየብቻ የጠየቀ እያንዳንዱን “ብዙም አያሰጋም” ብሎ ሊያልፈው ይችላል፡፡ አንድ ላይ ሲጠየቁ ነው አስፈሪነቱ የሚታየው፡፡

ወረቀት ብቻውን ግን እንደማያድን ከቦፓል በኋላም ታይቷል፡፡ በ2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ በደረሰ ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞቱ፤ በ2007 የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት ኩባንያው የመውደቅና የመቆረጥ አደጋ መቀነሱን እያየ ትልቁ ማሽን ደህና ነው ብሎ ማመኑን ተቸ፡፡ በካራቺ “አሊ ኢንተርፕራይዝስ” የሚባለው የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ደግሞ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፡፡ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 ነው፤ እኛ የ2005ን እንቁጣጣሽ ስናከብር፡፡ ፋብሪካው ከሳምንታት በፊት ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሰርተፍኬት ተሰጥቶት ነበር፡፡ እሳቱን ሆን ብለው የለኮሱት ሰዎች ናቸው ብሎ የፓኪስታን ፍርድ ቤት በ2020 ፈርዷል፡፡ መውጫው ተቆልፎ፣ መስኮቱ በብረት ታጥሮ የነበረው ግን ከለኳሾቹ በፊት ነው፡፡ ከትራያንግል መቶ አንድ ዓመት በኋላ፣ ያው የተቆለፈ በር፡፡

በእኛስ አገር? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን ለሠራተኛው፣ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕ አካባቢን ለሁሉም ሰው መብት አድርጎ ሰጥቷል፡፡ በመካከላቸው ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፡፡ ወደ አዋጅና ወደ ቢሮ ሲወርዱ ግን ተራራቁ፡፡ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የብክለት ቁጥጥር አዋጆች በእኛ 1995 ቁጥር 299 እና 300 ሆነው ወጡ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በ377/1996፣ አሁን ደግሞ በ1156/2011 ይተዳደራል፤ የጥራቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱም ራሱ ቆይቶ ለአራት ተከፍሏል፡፡ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሦስት ተቆጣጣሪ በሦስት የተለያየ ቀን ይመጣል፤ ከመጣ፡፡

ከሦስቱም ይልቅ በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ የምናየው ካይዘንን ነው፡፡ አቶ መለስ ዜናዊ በ2008 ጃፓኖችን ጠይቀው፣ ከ2009 ጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፡፡ “አምስቱ ማዎች” የሚባሉት፣ ከማጣራት እስከ ማዝለቅ ያሉት፣ በምርታማነት ስም ቢመጡም ሳያስቡት ማህደሮቹን ያቀራርባሉ፡፡ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት የተጠረገ እንደሆነ ምርቱ አይቆሽሽም፣ ሠራተኛው አይንሸራተትም፣ ቦዩም አይበከልም፡፡ አንድ ሠራተኛ በአንድ መጥረጊያ ሦስቱንም ሠራ፡፡ ችግሩ ካይዘኑ ከአጥሩ ወዲያ አይሻገርም፡፡ ያስጎበኙን ፋብሪካም ግድግዳው ላይ አምስቱ ማዎች በደማቅ ቀለም ተጽፈው ነበር፤ ሽታው ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው፡፡

ኬስዋኒ ከአደጋው በኋላ፣ በ1985፣ በሕንድ ከፍተኛ ከሚባሉት የጋዜጠኝነት ሽልማቶች አንዱን ተሸለመ፡፡ በሜይ 2021 በኮሮና ምክንያት አረፈ፡፡ ኩባንያው በ1989 ለሕንድ መንግሥት 470 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነገሩን ዘጋ፤ በ2001 “ዳው” የተባለው ሌላ ኩባንያ ገዛው፡፡ ግቢው ውስጥ የቀረው መርዘኛ ቆሻሻ ግን የማን እንደሆነ ሲያከራክር አርባ ዓመት ቆየ፡፡ በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ በሌሊት 12 ኮንቴይነሮች 337 ቶን ገደማ ቆሻሻ ጭነው፣ በፖሊስ ታጅበው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ፒታምፑር ከተማ ተጓዙ፡፡ የፒታምፑር ነዋሪዎች ወደ እኛ አይምጣ ብለው አደባባይ ወጡ፡፡ ቆሻሻው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እዚያው ተቃጥሎ በጁን መጨረሻ አለቀ፡፡ ቀጥሎ ደግሞ አመዱ የት ይቀበር የሚለው ክርክር ተነሣ፡፡